መርከቡ የተመለሰበት ክፍል

ሐሙስ ጠዋት ደበበ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ካርቶን ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ ከመናኸሪያው ማዶ ሆኖ በሚነበብ ትልልቅ ፊደል «የጠፋው ክፍል ተገኘ። ሰማይ ቀዛፊዎች፣ ክፍል አስራ ሰባት። ቅዳሜ ከሰዓት። ተርጓሚ ባርናባስ» ይላል። ባርናባስ ቁርሱን በልቶ ጥርሱን እየጎረጎረ ሲመጣ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ስንጥሩን ከአፉ አውጥቶ ጣለና እዚያው በሩ ላይ ቆመ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ስሙ በቀይ ተጽፎ መንገደኛ ሁሉ እያነበበው ነው። ባርናባስ ግን ያ ክፍል ከነጭራሹ እንዳይገኝ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። በመላው ዲላ፣ እስከ ይርጋጨፌም ድረስ፣ ያንን ክፍል ከነነፍሱ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የሚያውቀው ደግሞ ስላየው ሳይሆን ስለፈጠረው ነው።

ዲላ ውስጥ ባርናባስን የማያውቅ ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ የፊልም ጠላት ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። ከአዳራሹ ኋላ፣ ፕሮጀክተሩ ጎን፣ አንድ አሮጌ ወንበር ላይ ማይክ ይዞ ይቀመጥና የፈረንጁን ፊልም እያየ በአማርኛ ይናገራል። እንግሊዝኛው ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ከተዋናዮቹ ፊት ላይ ያነባል። ፈረንጁ ትንፋሽ እስኪያጥረው ለፍልፎ ሲጨርስ ባርናባስ «እምቢ አለ» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው «ኖ» ብቻ ያለ እንደሆነ ደግሞ ስለ እናቱ፣ ስለ አስተዳደጉ፣ ያለ ፈቃዱ ስለተሸጠበት በሬ ያወራለታል። ሰው ለዚህ ነው የሚመጣው። ስልክ በየኪሱ ገብቶ፣ ሌሎቹ ቪዲዮ ቤቶች አንድ በአንድ ኳስ ማሳያ ሲሆኑ የደበበ ቤት የቀረው በባርናባስ አፍ ነው ቢባል ደበበ ራሱ አይከራከርም።

አፉ የተፈታው ይርጋጨፌ አጠገብ፣ አሪቻ ነው። ልጅ ሆኖ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራ ነበር፤ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እየገለባበጡ ብልሹውን የሚለቅሙት ሴቶች መካከል። ሥራው ያሰለቻል፣ ፀሐዩ ይፈጃል። ባርናባስ እሁድ ከተማ ወርዶ ያያትን ፊልም ሰኞ ይጀምርላቸውና እስከ ቅዳሜ ያደርሳታል። ፊልሟ ስታልቅበት ይቀጥላታል። ሴቶቹ እየሳቁና እያለቀሱ ሲለቅሙ ያየው ደበበ፣ ያኔ ቡና ሊጭን የመጣ ሾፌር፣ «አንተ እዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ዲላ አመጣው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አያውቅም።

«ሰማይ ቀዛፊዎች» ከፊልሞቹ ሁሉ የተወደደው ነው። በከዋክብት መካከል የምትዞር አንዲት መርከብ አለች፤ ቤቷ የራቀ፣ ነዳጇ ሁልጊዜ ሊያልቅ የደረሰ። አዛዡን ሰው «አክተሩ» ይለዋል፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም። የመርከቧን ሞተር የምትጠብቅ አንዲት አንካሳ አሮጊት አለች፤ እሷን ባርናባስ «እቴቴ» ብሎ ሰየማት፣ ሕዝቡም በዚያው አጸደቀው። ሲዲዎቹ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጡ ነበር። አስራ ሰባተኛው ሲመጣ ተጭሯል፤ ምስሉ አንዴ ብልጭ አለና ቀጥ ብሎ ቀረ። ወደ አስራ ስምንተኛው ዘለሉ። ችግሩ አስራ ስምንተኛው ላይ እቴቴ የለችም። ከዚያ በኋላም የለችም። ሰው «እቴቴ የት ሄደች?» ብሎ አላስቀምጥ ሲለው ባርናባስ «ልጇ ቤት ናት፣ እረፍት ላይ፤ አስራ ሰባተኛውን ሐዋሳ ሄጄ አይቼዋለሁ» አለ። ሐዋሳ የሄደው ለጥርስ ሕመም ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ተራ ውሸት ነበር። ነገር ግን ያ ክረምት መጣ፤ ሰው ከየቀዬው የተፈናቀለበት ክረምት። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጅምር ፎቁ ሁሉ በሰው ሞላ። ደበበ ወንበሮቹን ግድግዳ ጥግ ከምሮ አዳራሹን ከፈተ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሕጻናቱ አንዱ ሲተው ሌላው ለቅሶውን እየቀጠለ ሳለ አንድ ሰው «ባርናባስ፣ እስቲ ያንን የሐዋሳውን አውራን» አለ። ባርናባስ ማይክ በሌለበት ተነሥቶ ጀመረ።

በግድግዳው በኩል አንዲት ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ ተቀምጣ ነበር። አታለቅስም፤ የሰጧትን ቆሎም አልነካችውም። ማርቲ ትባላለች፣ ከወርቃ የመጣች ናት። እናቷ እግሯ ስለማይሄድላት «ሕጻኑን ይዘሽ ሂጂ» ብላ አባርራት፣ ትታት እንደመጣች ሰው ለባርናባስ ሹክ ብሎታል። ባርናባስ ስለ አንድ ጭራቅ ጀምሮ ነበር፤ ዓይኑ እሷ ላይ ሲያርፍ ጭራቁን ተወው። እቴቴ እግሯ ተይዞ አንዲት ጠፍ ኮከብ ላይ እንደቀረች፣ ሁሉም «ነዳጅ የለም፣ አንዲት አሮጊት ናት፣ እንሂድ» እንዳሉ፣ አክተሩም መሪውን ይዞ ዝም እንዳለ አወራ። ከዚያ አክተሩ መርከቡን መለሰ። ባርናባስ መሪውን በባዶ እጁ እንዴት እንዳዞረው አሳያቸው። አዳራሹ አለቀሰ፤ ደበበም አለቀሰ።

በማግስቱ ማርቲ ልጇን ለአንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ሰጥታ የእርዳታ እህል የጫነ መኪና ላይ ተንጠለጠለች። ገደብ ከተማ ላይ ወርዳ በእግሯ ሄደች። እናቷን ወይዘሮ ገበያነሽን እንሰቱ ውስጥ አገኘቻት፤ በሕይወት። አዝላ ነው ያወጣቻት። ዛሬ ማርቲ መናኸሪያው በር ላይ አቮካዶና ሙዝ ትሸጣለች፤ እናትየው ነገሩ ሲበርድ ወርቃ ተመልሳለች። ደንበኛ ሁሉ ታሪኩን ሰምቶታል። ማርቲ አማርኛዋ ወንድና ሴት ብዙ አይለይም፤ «እኔ እናቴን ያመጣው ባርናባስ ነው» ትላለች። «መርከቡን መልሺው አለኝ፤ መለስኩት።»

እንግዲህ ባርናባስ ካርቶኑ ፊት የቆመው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው። ክፍሉን ማን እንዳገኘው ሲጠይቅ ሳምራ መሆኗን ነገሩት። ሳምራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ በባርናባስ ትርጉም እምባዋ እስኪፈስ የምትስቅ። ክፋት የለባትም። ጁስ ቤት አገኛት።

«ሰርፕራይዝ ላደርግህ ብዬ ነው ጋሽ ባርኔ» አለችው፣ ገና ሳይቀመጥ። «ስንት ቦታ ፈለግኩት መሰለህ። ይሄ ክፍል እኮ ኢንተርኔት ላይ ፌመስ ነው። የዓለም መጥፎው ክፍል ነው የሚሉት።»

«መጥፎ ስትዪ?»

«መጥፎ ነዋ። በጀት አልቆባቸው ነበር። ጭራቅ የተባለው ትል ራሱ የፍራሽ ስፖንጅ ነው፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብተውት። ዚፑ ይታያል። አንዴ እንደውም የሚገፋው ሰውዬ እጅ ፍሬም ውስጥ ይገባል። ዋናው ተዋናይ በየቃለ መጠይቁ ይቅርታ ሲጠይቅ ነው የኖረው። ሰዎች በየዓመቱ ተሰብስበው ለመሳቅ ያዩታል።»

ባርናባስ ስለ ትሉ አልገደደውም። ብርጭቆውን ከራሱ አራቀ። «መጨረሻ ላይ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይመለሳሉ?»

«ማንን ሊወስዱ?»

«አሮጊቷን።»

ሳምራ ሳቀች። «ኧረ ጥለዋት ነው የሚሄዱት። እሱ እኮ ነው ጉዱ። ተዋናይቷን ሊያባርሯት ፈልገው ነው አሉ። አክተሩ በመስኮት አየት ያደርግና ‹እንግዲህ ሾርባውን ማን ሊሠራልን ነው?› ይላል። ሁሉም ይስቃሉ፣ አለቀ። በሰው ልጅ ታሪክ የከፋው ዓረፍተ ነገር ብለውታል።»

ባርናባስ የአቮካዶ ጁሱን ሳይቀምሰው ተነሣ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። «ፍላሹ ቫይረስ ገባበት ብትዪስ?»

«ለጋሽ ደበበ ገልብጬ ሰጥቼዋለሁ እኮ።» ፊቱን አየችው። «ጋሽ ባርኔ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም» አለ። ምንም እንዳልሆነ ሰው አይመስልም ነበር።

ደበበ ዘንድ ሄደ። ደበበ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ድምጽ ማጉያ እያሰረ ነው። «ደቤ፣ ይሄ ክፍል አይረባም፤ አንተወው?» ቢለው ከላይ ሆኖ አፈጠጠበት።

«አይረባም? ከተማውን ያስለቀስክበት ክፍል?»

«ባወራውና በፊልሙ...»

«ባርኔ፣ ሰው ከጨለለቅቱ፣ ከይርጋጨፌ ደውሎልኛል። ቆሞ የሚያይም አለ። ዝም ብለህ ጉሮሮህን ጠብቅ። ዝንጅብል ጠጣ።»

ባርናባስ ያልጨረሰውን ዓረፍተ ነገር ይዞ ወጣ። ሊጨርሰው ሞክሮ ነበር፤ አልወጣለትም እንጂ። መናኸሪያው በር ላይ ሲደርስ ማርቲ አየችውና አቮካዶዎቿን ትታ ሮጠች።

«ጋሽ ባርኔ፣ አርብ እናቴ ይመጣል። ፊልሙን በዓይኑ ያይ ብዬ ላኩበት። ከወርቃ እስከ ዲላ በመኪና፣ ይሄ እግር ይዞ።» ክንዱን ያዘችው። «ስንት ዓመት ነገርኩት። አሁን በዓይኑ ያያል።»

ለማይክ የተፈጠረው ባርናባስ ያን ቀን «ጥሩ ነው» ብሎ አለፋት። ፈርቷል። ውሸታም መባሉን አይደለም የፈራው፤ ውሸታምነቱን ሕዝቡ በልቡ ያውቀዋል፣ ይወድለታልም። የፈራው ማርቲ ያንን ሁሉ መንገድ የሄደችበት ነገር የፍራሽ ስፖንጅ ሆኖ ዓይኗ ፊት እንዳይፈርስ ነው። ያ ከፈረሰ እሱ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ማንም አክተር አፉን መክፈት አይችልም።

አርብን ሲያሰላስል ዋለ። በመጨረሻ አንድ ዘዴ አገኘ። መርከቧ ስትሄድ ከጎን ነው የምትታየው፤ ወደ ግራ ትሂድ ወደ ቀኝ ማን ያውቃል? «ተመለሰች» ካላት ተመለሰች ነው። ተማሪዎቹ ቢስቁ ይሳቁ። ሌላው ተስፋው መብራት ነበር። ዲላ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናብ ደመና ባለበት፣ መብራት ካልጠፋ መቼ ሊጠፋ ነው።

ቅዳሜ ደመናው ጠቆረ፣ ዝናቡም መጣ። ባርናባስ ልቡ ትንሽ መለስ አለለት። አዳራሹ ሲገባ ግን ከበሩ ኋላ አንድ የተከራየ ጄነሬተር ተገትሮ፣ ደበበ እንደ አዲስ ሙሽራ እየተሽቆጠቆጠለት አገኘው። «ዛሬ ሰማይ ቢወድቅ እናያታለን» አለው ደበበ። ባርናባስ ጄነሬተሩን በእግሩ ቢመታው ደስ ባለው።

ቤቱ ጢም ብሏል። ፊት ለፊት፣ በግድግዳው በኩል፣ ማርቲ እናቷን ደግፋ አስቀመጠቻት። ቦታው ያኔ ልጅ አዝላ የተቀመጠችበት ነው። ወይዘሮ ገበያነሽ ትንሽዬ ሴት ናት፤ ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋድማ ባዶውን የማሳያ ጨርቅ ፊልም እንደጀመረ ቆጥራ ታየዋለች። አማርኛ አትሰማም። ባርናባስ ይህን ያስታወሰው አሁን ነው። ሴትዮዋ እሱ የሚለውን አትሰማም። የምታየው ምስሉን ብቻ ነው። ያ ሁሉ የግራና የቀኝ ዘዴ ለእሷ አይሠራም።

መብራቱ ተዘጋ፤ መርከቧ ብቅ ስትል አዳራሹ አጨበጨበ። ባርናባስ ጀመረ። እቴቴ ስትገባ ፉጨቱ ቀለጠ፤ ከስንት ዘመን በኋላ የመጣች የሥጋ ዘመዳቸው ነበረች። ከዚያ ትሉ መጣ። ሳምራ ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ አረንጓዴ ነው፣ ይንገላጀጃል፣ ዚፕ አለው። አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተከተለ። ባርናባስ ባለሙያ ነውና ሳቁን አላሳለፈውም። «ትሉ ተቆጣ» አለ። «ቢቆጣም አይፈረድበት፤ ዚፑ ተከፍቶ ብርድ ገብቶበታል።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የገፊው እጅ ብቅ ሲል «ይሄ ደግሞ የትሉ አጎት ነው፣ ሊገላግል መጣ» አለ። ደበበ ሆዱን ይዞ ተንበረከከ። ወይዘሮ ገበያነሽም ሳቀች፤ ጥርስ የሌለው ድዷ በምስሉ ብርሃን ታየ። ባርናባስ ለአፍታ ተስፋ አደረገ። እንዲህ እየሳቁ ቢያልቅስ? እየሳቁ ወደ ቤታቸው ቢሄዱስ?

እቴቴ ወደቀች። እግሯ በድንጋይ ተያዘ። ድንጋዩም ስፖንጅ መሆኑ ያስታውቃል፤ ግን የሳቀ የለም፤ ይህን ቦታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሲጠብቁት የኖሩት ቦታ ነው። ጫማ የሚያንኳኳው ተወ፤ ቆሎ የሚቆረጥመው አፉን ያዘ። ማርቲ የእናቷን እጅ ያዘችና ጆሮዋ ላይ በጌዴኦኛ አንድ ነገር አለቻት። ባርናባስ ከዚያ ርቀት አልሰማትም፤ ግን ጌዴኦ ነውና አፏን አይቶ አወቀው። «አሁን እይ» ነው ያለቻት።

አክተሩ በመስኮቱ በኩል ቁልቁል ተመለከተ። ባርናባስ ማይኩን አስጠጋ። «ነዳጅ የለንም አለ» አለ። «አንዲት አሮጊት ናት አሉ።» አሁን መሪውን ማዞር አለበት። ምስሉ ላይ ግን አክተሩ ዘወር ብሎ ያንን የከፋ ዓረፍተ ነገር ተናገረ፣ መርከበኞቹም ሁሉ ሳቁ። ጥርሳቸው በጨርቁ ሙሉ ታየ። እንደዚያ በሚስቅ ፊት ላይ «መርከቡን መለሰው» ማለት ባርናባስ ለመጀመሪያ ጊዜ አቃተው። ፊት ነው የሚያነበው፤ ፊቱ ደግሞ እምቢ አለው።

ማይኩን ከአፉ አራቀ።

«ተርጉም እንጂ» አለ አንዱ ከመሐል። «ባርኔ፣ ማይኩ ጠፋ?» አለ ሌላው። ጄነሬተሩ ከውጭ ያጓራል። መርከቧ እያነሰች እያነሰች ሄደች፤ አሮጊቷ ድንጋዩ ሥር ቀና ብላ ታያታለች። ማርቲ ከወንበሯ ዞረች። ምስሉን ትታ ወደ ኋላ፣ ወደ ፕሮጀክተሩ ብርሃን፣ ወደ እሱ ተመለከተች። ብርሃኑ ዓይኗ ውስጥ ስለገባ እሱን አላየችው ይሆናል፤ እሱ ግን አያት። ፊቷ ያኔ ቆሎውን ያልነካችው ሴት ፊት ሆኗል።

«ጥለዋት ሄዱ» አለ ባርናባስ።

አዳራሹ ውስጥ የሳቀ የለም፣ የጮኸም የለም። ሳምራ ኋላ ወንበር ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ምን እንዳመጣች አሁን ገብቷታል። ደበበ ባርናባስን አየው፣ ምስሉን አየው፣ ደግሞ ማርቲን አየ፤ ያን የዝናብ ቀን እሱም እዚያው ነበር።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ወይዘሮ ገበያነሽ ድምጿን ከፍ አድርጋ በጌዴኦኛ ተናገረች። ፊልም ቤት ዝም እንደሚባል የነገራት የለም። ምርኩዟን ወደ ጨርቁ ቀስራ፣ ተቆጥታ ነው የጠየቀችው። እዚህ ቤት ውስጥ የተነገረ የሰው ቋንቋ ሁሉ በባርናባስ አፍ ካላለፈ አልተባለም፤ ልማድ ነውና ሳያስብበት ማይኩን አስጠግቶ ተረጎመው።

«‹ይህቺ ሴትዮ ልጅ የላትም ወይ?› ትላለች።»

ማርቲ ከብርሃኑ ፊቷን መለሰች። እናቷን አየቻት፤ ጨርቁ ላይ ያለችውን አሮጊት አየቻት። ባርናባስ ማይኩን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀ፤ በሕይወቱ የሰው አፍ እንደዚያ ጠብቆ አያውቅም። ማርቲ በጌዴኦኛ መለሰች፤ ቀስ ብላ፣ ግን ቤቱ ዝም ብሎ ስለነበር እስከ ኋላ ተሰማ። የባርናባስ ጉንጭ ረጥቧል፤ ድምጹ ግን አልከዳውም። ቃል ሳይጨምር፣ ቃል ሳይቀንስ፣ እንዳለችው ተረጎመው።

«‹አላት› ትላለች። ‹መንገድ ላይ ናት፤ እየመጣች ነው።›»

ወይዘሮ ገበያነሽ ምርኩዟን መልሳ ጭኗ ላይ አጋደመችና ለመጠበቅ ተመቻቸች።